ያልደረቀው ሙጫ

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ! ባሕሩ እኮ አንቺን አይጠብቅም!»

ሮዊና ጥርሷን ነክሳ ገመዱን አጠበቀች። እናቷ ግሌንዳ ከጠዋት ጀምራ ስትጮህ ድምፅዋ ሻክሯል። ማን ይፈርድባታል? ስንት ክረምት በአሮጌው ጋጣ ውስጥ ታጥራ የሠራቻቸውን የመንታ ጀልባዋን ሁለት ረዣዥም የእንጨት ቀፎዎች ዛሬ ገና ባሕሩ ዳር፣ ሣሩ ላይ፣ ጎን ለጎን አጋድማቸዋለች። ቀፎዎቹን የሚያገናኙት ወራጅ እንጨቶች በብሎን አይታሰሩም፤ ማዕበል ሲመታቸው እንዲተጣጠፉ በገመድ ይጠፈራሉ። ውሃው ሞልቶ እዚህ ሣር ድረስ የሚደርሰው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው። ዛሬ ካመለጠ የሚቀጥለው ሙላት ከበረዶ ጋር ነው የሚመጣው።

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የዓሣ ሾርባ በድስት የያዘ አለ፣ ወንበር ተሸክሞ የመጣ አለ። ሽማግሌው ሙርዶክ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ፣ «ግሌንዳ! እኔ በሕይወት እያለሁ ትንሳፈፋለች ወይስ ለቀብሬ ነው የምታደርሻት?» እያለ ያስቃል።

ሮዊና የመጨረሻውን ዙር ልትጠፍር ጎንበስ ስትል አውራ ጣቷ ወራጁ የተቀመጠበትን እንጨት ነካ። ጥፍሯ ሰመጠ። ደግማ ጫነችው። ከቀለሙ ሥር ያለው ሙጫ እንደ ማስቲካ ለስላሳ ነው።  ይህን የወራጅ መቀመጫ ያጣበቀው ኮልቢ ነበር፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ። አሁንም ከወራጁ ማዶ ገመድ ይዞ ቆሟል።

«ኮልቢ፣ ና እስቲ ይሄን ንካው።»

መንካት አላስፈለገውም። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ያን ቀን ብርድ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባዬ የሎብስተር ማጥመጃ ጀልባችንን ሲጠግን፣ ብርድ ከሆነ ሙጫው ላይ ማድረቂያውን ጨመር ያደርጋል። ቶሎ ይደርቃል። እኔም ጨመር አደረግኩ።»

«የእናንተ ሙጫ ሌላ ነው! ይሄኛው ልኩ ካለፈ መቼም አይደርቅም። እማዬ ስንቴ ተናገረች!»

«በልኩ ነው ያደረግኩት አልኳት፣ በቃ።»

«ዋሸሃታ!»

«አቦ አታካብጂ! ቀለም ሸፍኖታል፣ ገመዱም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እናትሽ ካወቀች ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ አታስደርሰኝም። ሮ፣ በናትሽ!»

ኮልቢ ቤታቸው ጭቅጭቅ ሲነሳ የሚሸሸው ወደ ግሌንዳ ጋጣ ነው። ሮዊና ይህን ታውቃለች። እግሯ አንድ ቦታ አልቆም አላት። ወደ ውሃው ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ባሕሩ የሣሩን ጫፍ መላስ ጀምሯል። እናቷ ደግሞ የአንዱን ቀፎ አፍንጫ እየዳበሰች ብቻዋን ትስቃለች፤ እንዲህ ስትስቅ ሮዊና አይታትም አታውቅ። አሁን ይህን ሳቅ ማጥፋት? ግን መቀመጫው ከተላቀቀ ገመዱ ምን ይይዛል? መሃል ባሕር ላይ ቀፎዎቹ ሲለያዩ፣ እናቷ በመሃላቸው ስትወድቅ ታያት።

ተንበርክካ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

«አንቺ ልጅ! አብደሻል?» ግሌንዳ እየሮጠች መጣች።

«ሙጫው አልደረቀም፣ እማዬ።»

ግሌንዳ በአውራ ጣቷ ጫነችው። ጣቷን ሳታነሳ ቆየች። ውሃው ከቀፎዎቹ ሥር ገብቶ የኋላቸውን ትንሽ ነቅነቅ ሲያደርገው ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ማነው ያቀላቀለው?» አለች።

ስሙ ሮዊና ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። እሷ ግን ኮልቢን ቀና ብላ አየችውና ሁለተኛውን ዙር መፍታት ቀጠለች።

ኮልቢ ገመዱን ጥሎ ዞረ። ወደ መንገዱ ትንሽ ተራመደ፣ ከዚያ ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ግሌንዳ። ማድረቂያ አብዝቼ ነው። ዋሸሁዎት።»

 ግሌንዳ ሙላቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ነገ በጠዋት ትመጣለህ» አለችው። «መቀመጫውን ፈልፍለህ የምታወጣው አንተ ነህ። አዲሱን ደግሞ አጠገቤ ቆመህ ታቀላቅላለህ።»

ይህን ብላ ፊቷን አዞረች፤ እያለቀሰች ነበር።