የካፒቴኑ እጅ

«የሞተው ካፒቴን የትኛው ነው?» አለች ኢንስፔክተር ናሊያካ። የኪሱሙ ወደብ ላይ ቆማለች፤ ዝናቡ ከኮፍያዋ ጫፍ ይንጠባጠባል።

የጀልባው አዛዥ የተጠበሰ ዓሣውን ማኘክ አቆመ። «ካፒቴኑ እኔ ነኝ» አላት። «እስከ ቁርስ ድረስ ግን ደኅና ነበርኩ።»

ናሊያካ ወደ ጣቢያው ደወለች።

«ሴትዮዋ እያለቀሰች ‹ካፒቴናችን ሞቱ› አለችኝ» አለ ስልኩን ያነሳው ፖሊስ።

«አድራሻ አልሰጠችህም?»

«ሰጥታኛለች። ከኪቡዬ ገበያ ጀርባ ነው አለች። መርከብ ከገበያ ጀርባ ምን ይሠራል ብዬ አስተካከልኩላት።»

ናሊያካ እኛ ሰፈር አንድ ሰዓት ዘግይታ የደረሰችው በዚህ ምክንያት ነው። በፖሊሱ አንፈርድም። መርከብ በእርግጥ ነበረን፤ ውሃ ነክታ የማታውቅ መርከብ።

በየተራ የሚጽፏት አራት ሰዎች ናቸው። በከዋክብት መካከል ትጓዛለች። ሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ናኖቦቶች፣ እነሱ ‹ጥቃቅኖቹ› የሚሏቸው ማሽኖች፣ ቀዳዳዋን ይደፍናሉ፤ የመንገደኞቿን ቁስል ይጠግናሉ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ሰው አለው። መድኃኒት ቤት ያላት አዊቲ የመርከቢቱን ሐኪም ትጽፋለች፤ ስልክ ጠጋኙ ኦጎላ መካኒኩን። የጡረተኛው የፊዚክስ መምህር የራሞጊ ሰው ካፒቴኑ ነው፤ ስለዚህ መምህሩን ራሳቸውን ‹ካፒቴን› ይሏቸዋል። ጠዋት ጠዋት በራዲዮ ዜና የሚያነብልን ሲልቫኑስ ደግሞ ጥቃቅኖቹን ይጽፋል። ጥቃቅኖቹ ቁጥር ስፍር ባይኖራቸውም የሚናገሩት በአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሲልቫኑስ ልጅ አፖንዲ በዘጠኝ ዓመቷ በወባ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እኛ ጎረቤቶች ሰው ሳናማ ውለን የማናድር ሰዎች ነን፤ ይህቺን አንዲት ነገር ግን በአፋችን አላዞርናትም።

መምህር ራሞጊ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ብርድ ልብሱ እስከ ወገባቸው ተስቧል። ሰሞኑን በሳል የገረጣው ፊታቸው ቀልቶ፣ ደም ሞልቶት፣ ደኅና ሰው መስሏል። የሚያስፈራው ይህ ደኅንነቱ ነበር። ራስጌያቸው አጠገብ የቀዘቀዘ የከሰል ማንደጃ አለ። ደረታቸው ላይ አንድ አረንጓዴ ደብተር እንደተገለጠ ተደፍቷል።

በሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ኦጎላ አንድ እጁ ከወንበሩ ጋር በካቴና ታስሮ ተቀምጧል።

«ምን አድርጎ ነው?» አለች ናሊያካ።

«ማንደጃውን ያቀጣጠለው እሱ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ኪፕሮኖ። «በተሰረቀ ስልክ ሰበብ ስድስት ወር ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ይህን ደግሞ ይዩልኝ፤ ከሁለት ወር በፊት የጻፈው ነው።»

ናሊያካ ወረቀቱን ተቀብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «‹ጥቃቅኖቹ ክፉ አይደሉም። የሚዘጋ ነገር ሲያገኙ ይዘጋሉ። ያን ሌሊት የአየር ቧንቧውን አገኙ፤ መርከበኛው ከእንቅልፉ አልነቃም።›»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳናስበው ትንፋሻችንን ሳብ አደረግን።

«አለቃ ‹እስከ ስድስት ሰዓት በነፍስ ግድያ ይመዝገብ› ብለዋል» አለ ሳጅኑ።

«ምዕራፉ ጥሩ ነው?»

ሳጅኑ ትንሽ አሰበ። «መጨረሻው ይጎተታል።»

«ታስሬም ትችት አልቀረልኝም» አለ ኦጎላ። ዓይኑን ግን ከካቴናው ላይ አላነሳም። አንዴ የታሰረ ሰው ሁለተኛ ሲታሰር ማን እንደሚያምነው ያውቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአራት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ናሊያካ ጎንበስ አለች። በሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሦስት ጥቁር ክቦች አሉ፤ የማንደጃው እግሮች ለዓመታት ያቃጠሏቸው ናቸው። ከዚያ ተነስቶ አልጋው ድረስ አዲስ ጭረት ሄዷል። ቀና ስትል ከበሩ በላይ በሽቦ መረብ የተሸፈነ፣ መጽሐፍ የሚያህል ቀዳዳ አየች። ወንበር ላይ ወጣች። መረቡ ጥቀርሻ ለብሷል፤ መሐሉ ግን ተጠርጎ ሽቦው ያበራል።

«ይህን ቀዳዳ ማን አወጣው?»

«ራሳቸው ናቸው፣ በመዶሻ» አለች አዊቲ። ሬሳውን ያገኘችውም ለፖሊስ የደወለችውም እሷ ናት። «‹ከሰልና የተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል› እያሉ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ማንደጃው ከበሩ ሥር አንድ ስንዝር ከተነሳ ይቆጡ ነበር።»

«ትናንት አይተሻቸዋል?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። የሳል ሽሮፕ አመጣሁላቸው። እንቅልፍ ስለሚያመጣ በጊዜ ይተኙ አልኳቸው።» አዊቲ መሀረቧን ጠቀለለች። «ተጣላኋቸውም።»

«በሽሮፑ?»

«በምዕራፋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ተረኛው የጻፈውን ኮፒ አድርጎ በየበራችን ሥር ያስገባል። የዚህ ሐሙስ ተረኛ እሳቸው ነበሩ። በምዕራፋቸው ካፒቴኑ ጥቃቅኖቹን ወደ እቶን ጠርቷቸዋል። እኛ ያለን ደንብ ሁለት ነው። የሌላውን ሰው ሰው ሳታስፈቅድ አትነካም። ምዕራፍ ስትጀምር ደግሞ ካንተ በፊት የጻፈውን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በእጅህ ትገለብጣለህ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው፤ የጣሱትም እሳቸው። ‹ልጅቷን ሁለተኛ ሊገድሏት ነው?› አልኳቸው።»

«ምን መለሱልሽ?»

«‹ሲልቫኑስ መቃብሯ ጋ ሄዶ አያውቅም። መርከቧ ላይ ነው የሚኖረው። ካላወረድኩት አይወርድም› አሉኝ። በሩን በላያቸው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ይኸው ነው።»

ናሊያካ ወደ ኦጎላ ዞረች። «አንተስ?»

«አሥራ ሁለት ላይ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ፍም ሲሆን አስገብቼ ምልክቱ ላይ አስቀመጥኩት። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ደብተሩን እየሰረዙ ይጽፋሉ። ‹ኦጎላ፣ ካፒቴኑን ፈሪ አደረግኩት› ብለው ሳቁ። ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም። ስልኬስ አሉኝ፤ ሰኞ አልኳቸው።»

«ስልካቸው አንተ ዘንድ ነው?»

«ከረቡዕ ጀምሮ። ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ተበታትኖ አለ።»

«ሰኞ ይደርስ ነበር?»

«ሰኞ ነው ያልኩት። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ደንበኞቼም አይጠይቁኝም።»

ናሊያካ ጓንቷን አጥልቃ ደብተሩን ከደረታቸው ላይ አነሳች። የመጨረሻውን ገጽ አንዴ አነበበች፤ ደገመች። ከዚያ አዊቲን የሐሙሱን ኮፒ ጠየቀቻት፤ አዊቲ ከጋውኗ ኪስ አውጥታ ሰጠቻት። ናሊያካ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ቆየች። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

ልክ አራት ሰዓት ላይ ሲልቫኑስ ገባ። ቅዳሜ አራት ሰዓት የንባብ ሰዓታቸው ነው፤ ቀጣዩ ተረኛ የጀመረውን ያነባል። ምዕራፉን ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ አልጋውን አየ፤ ጃንጥላውን ዘጋ።

«መንገድ ላይ ነገሩኝ» አለ። ድምፁ ያው ጠዋት የምንሰማው ነው፤ ለስላሳ፣ የተስተካከለ። «ይህ ማንደጃ አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራቸው አውቅ ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጣኸው መቼ ነው?»

«ረቡዕ። ሐሙስ ኮፒው ደረሰኝ። ትናንት ቀኑን ሥራ ላይ፣ ከዚያ ቤቴ ሆኜ ስጽፍ ነበር።»

«እንግዲያው ተራው ያንተ ነው።»

«የኔ ነው።»

«አንብብልን።»

«ሬሳ ፊት?» አለች አዊቲ።

«ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱም ደርሷል» አለች ናሊያካ። «ሁላችሁም አላችሁ። ካፒቴኑም አሉ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሲልቫኑስ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከኦጎላ ካቴና ጎን ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አወጣና ጀመረ።

«‹ካፒቴኑ እጁን ከእቶኑ በር ላይ አነሳ፤ ጥቃቅኖቹም መዝሙራቸውን ቀጠሉ።› ከዚያም ልጅቷ...»

«ምን አልክ?» አለች አዊቲ።

«የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነዋ። ደንቡ ነው።»

ናሊያካ ኮፒውን ለአዊቲ መለሰችላት። «ሐሙስ የደረሰሽን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንቢልን።»

አዊቲ ወረቀቱን ብርሃን ወዳለበት አዞረች። «‹ካፒቴኑ የእቶኑን በር ከፈተ፤ ጥቃቅኖቹም እየዘመሩ ገቡ።›»

ሲልቫኑስ የራሱን ወረቀት አየ፤ ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ሐሙስ ለሦስታችሁ የደረሰው አሁን አዊቲ ያነበበችው ነው» አለች ናሊያካ። «ደብተሩ ላይ ግን ያ ተሰርዞ ሲልቫኑስ ያነበበው ተተክቷል። መቼ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዊቲ ስትወጣ ካፒቴኑ ገና ያቃጥላል። አሥራ ሁለት ላይ ኦጎላ ሲገባ መምህሩ ይሰርዛሉ። ካፒቴኑን ፈሪ ያደረጉት ያኔ ነው። አንተ ከረቡዕ ወዲህ አልመጣሁም ብለሃል። ከየት አገኘኸው?»

«ነገሩኝ» አለ ሲልቫኑስ። «ማታ ደውለው።»

«በምን?» አለ ኦጎላ።

የሳቀ የለም። ሲልቫኑስ ወደ ኦጎላ ዞረ፤ ከዚያ መሬቱን አየ።

«ስለዚህ ደብተሩን እዚሁ ነው ያነበብከው» ቀጠለች ናሊያካ። «ወደ ማንደጃው እንምጣ። ከምልክቱ ተጎትቶ ራስጌ ደርሷል። መምህሩ አልጎተቱትም፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩትን ሽሮፕ አያስረሳቸውም። ኦጎላም አይደለም። ይዞ የገባው እሱ ነው፤ ክፉ ቢያስብ መጀመሪያውኑ ራስጌ ባስቀመጠው። የጎተተው በኋላ የመጣ ሰው ነው። መረቡ ላይ ደግሞ ጥቀርሻው መሐሉን ተጠርጓል፤ ጨርቅ ተወትፎ ተነቅሏል። ለመወተፍ አንድ መምጣት አለ፤ ለመንቀል ሌላ። ይህ በር አይቆለፍም። ገዳዩ አንዴ ሲመሽ መጣ፤ አንዴ ሲነጋ።»

«አዊቲስ?» አለ ሳጅኑ። «ሽሮፑን የሰጠችው እሷ ናት።»

«ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ፊቷን አላየኸውም? ዛሬ ነው የሰማችው። ደብተሩ የተደፋው ደረታቸው ላይ ነው፤ ሬሳቸውን ስታገኝ አልነካችውም።» ናሊያካ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲልቫኑስ፣ ሲመሽ ስትመጣ የምታውቀው የሐሙሱን ነው። ልጅህ እቶኑ ውስጥ ገብታለች። ያኔ ደብተሩን ገልብጠህ አይተኸው ቢሆን...»

ውጭ አንዲት ሴት ማንዳዚ የሚባለውን ጥብስ ብስኩት ለመሸጥ ትጣራለች፤ ገዢ አልነበራትም።

«ተኝተው ነበር» አለ ሲልቫኑስ። ያ የምናውቀው ድምፅ ጠፍቶ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ። «ላናግራቸው ነበር የመጣሁት። ተኝተው ሳገኛቸው... እንዴት እንደሚተኙ ገረመኝ። እሷን እቶን ከትተው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል አልኩ። ደብተሩ ደረታቸው ላይ ነበር። ምን እንዳለበት የማውቅ መስሎኝ አልነካሁትም።» እጆቹን ተመለከተ። «ጠዋት ጨርቁን ልወስድ ስገባ ነው ያነሳሁት።»

አዊቲ ፊቷን በመሀረቧ ሸፈነች።

«አልገባኝም» አለ ሳጅን ኪፕሮኖ፤ ከልቡ ነበር። «ጠዋት ተመልሰህ ስትጽፍ የሐሙሱን ገልብጠህ ብትመጣ ኖሮ ማንም አይደርስብህም ነበር። ኮፒው ቤትህ አለ። ለምን?»

ሲልቫኑስ ሳጅኑን የልጅ ጥያቄ እንደጠየቀው ሰው አየው።

«በሐሙሱ እሷ የለችም» አለው።

ሳጅኑ ቁልፉን አውጥቶ የኦጎላን ካቴና ፈታ። ገና አምስት ሰዓት አልሆነም። ኦጎላ አንጓውን እያሻሸ ተነሳ፤ ቦታ የለቀቀው ያው ካቴና ለሲልቫኑስ እንዲሆን ነበርና ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲልቫኑስ ሊወስዱት ሲሉ በሩ ላይ ቆመ። የጻፈው ወረቀት አግዳሚው ላይ ቀርቷል፤ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ ቀለሙ ገና ትኩስ።

«አዊቲ» አላት። «ምዕራፌን አልጨረስኩም። ልጅቷን እቶኑ በር ላይ ትቻታለሁ። ምን ትሆናለች?»

አዊቲ የሐሙሱን ኮፒ በአራት አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ አልጋውን በአገጯ አመለከተችው።

«ካፒቴኑን ጠይቃቸዋ።»