ያዘመመው የሬሳ ሣጥን

የዳርዌል አውራጃ ፍርድ ቤት የበረዶ ማሽን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በታማኝነት ካገለገለ በኋላ፣ ባደረበት ሕመም በጥገና ሲረዳ ቆይቶ፣ ማክሰኞ ጠዋት ማረፉን ስንገልጽ ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል። ለዳኞች፣ ለዐቃብያነ ሕግና ለእስረኞች መጽናናትን እንመኛለን።

አሞስ ፕሩዊት ሲሞት ከተማው ይህን ያህል አላዘነም። አንድ ሰው የአሞስን የገዛ የልብ መድኃኒት ፈጭቶ ሻዩ ውስጥ ጨምሮበት ነበር። በዚያ ቀን ቤቱ የነበሩት ሚስቱ ኢዴላ፣ ወንድሙ ዌንደልና ሠላሳ ዓመት እርሻውን ያረሰለት ክሊተስ ብቻ ናቸው። በቀብሩ ቀን ፖሊሱ ሮይስ የክሊተስን መኪና መንገድ ላይ አስቁሞ ሲበረብር፣ ባዶው የመድኃኒት ጠርሙስ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ተገኘ። ክሊተስ ከተፈረደበት ከእስር ቤት የሚወጣው በሣጥን ነው።

የተከላካይ ጠበቃው መርማሪ ቨርሊን ኦክስ ድሮ ፖስታ አዳይ ነበረች፤ በዚያ የአላባማ ቀይ አቧራ ላይ የማታውቀው በር፣ የማያውቃት ውሻ የለም። መጀመሪያ ሮይስን ነዳጅ ማደያ አገኘችው።

«ለምን አስቆምከው?»

«የኋላ ቀኝ መብራቱ አይበራም ነበር፣ እትዬ ቨርሊን።»

«በሰባት ሰዓት? በጠራራ ፀሐይ?»

«ቀብር እየሸኘ ነዋ! ቀብር የሚሸኝ መኪና ሁሉ መብራት ያበራል። ይቺንም እኔ ላስተምርሽ?»

«ማንም አልጠቆመህም?»

ሮይስ የሌለ ዝንብ አባረረ። «በነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ነው ያየሁት።»

ከዚያ ቨርሊን ወደ ኢዴላ ሄዳ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች።

«ቀብሩ እንዴት ነበር?»

«ውርደት! ሣጥኑ እንደ ሰካራም እያዘመመ ወጣ። ለመሸከም ስድስት ሰው ተመርጦ አራት ብቻ ተገኘ። ገና ስም ሲጠራ ክሊተስ ብድግ ብሎ ‹አልሸከመውም፤ አልሸኘውምም› አለ። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እየሰማ! ከዚያ ቁጭ አለ፣ እስከ መጨረሻው።»

«ሌላኛውስ?»

«ዌንደል ነዋ። ሙቀት አፈነኝ ብሎ ጸሎቱ ሳይጀመር ወጥቶ፣ ሣጥኑ መኪና ላይ ሲጫን መጣ።»

በመጨረሻ ወደ እስር ቤት ሄደች። «ክሊተስ፣ ለምን አልሸከምም አልክ? ዐቃቤ ሕጉ በዚህች ቃል ነው የሚሰቅልህ።»

«ይስቀለኛ።»

በችሎቱ ቀን ሁሉም በረዶ ያጣ፣ ለብ ያለ ሻይ ይዘው ተሰበሰቡ። ጠበቃው ጠርሙሱ ከማስረጃ ይውጣልኝ ብሎ ቨርሊንን በምስክርነት አቆማት። እሷም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያወጣችውን የፖሊስ ስልክ መዝገብ ዘረጋች።

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጸሎቱ ሳያልቅ፣ ስሙን ያልተናገረ ሰው ደውሏል። ‹ክሊተስ መብራት አብርቶ ቀብር ይሸኛል፤ የኋላ ቀኙ አይበራም፤ ዕቃ መጫኛውን ፈትሹ› ይላል። ሮይስ ይህን ደብቆ፣ የሰማውን ‹አየሁ› ብሎ ጻፈ። ክሊተስ ግን ብቻውን ወደ ቤቱ ነበር የሚሄደው። ቀብር የማይሸኝ ሰው በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚያበራው ለማን ብሎ ነው?»

ዳኛዋ ወደ ሮይስ ዞሩ። «አየህ ወይስ ሰማህ?»

«... ሰማሁ።»

«ባላየኸው መብራት ሰው አታስቆምም! ጠርሙሱ ከማስረጃ ወጥቷል።»

«አልጨረስኩም፣ ክብርት ዳኛ» አለች ቨርሊን። «ደዋዩ ጠርሙሱ የት እንዳለ ያወቀው ራሱ ስላስቀመጠው ነው። ክሊተስ እንደሚሸኝም እርግጠኛ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረ ሁሉ ግን ‹አልሸኘውም› ሲል ሰምቷል፤ ኢዴላም ሰምታለች። እንግዲህ ደዋዩ ውስጥ አልነበረም፤ ውጭ፣ ከመኪናዎቹ መሃል ነበር። ሣጥኑ ለምን አዘመመ? ሁለት ሰው ስለጎደለ። አንዱ እንቢ ያለው ነው። ሁለተኛው ዌንደል ነው።»

ዌንደል ሳቀ። «ጠርሙሱ ወጥቷል ተባለ እኮ! በምን ልትይዙኝ ነው?»

«የወጣው ለክሊተስ ነው» አለች ቨርሊን። «ያለ አግባብ የተበረበረው መኪና የሱ እንጂ ያንተ አይደለም፤ ላንተ ጠርሙሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። የፖሊስ ስልኩም ድምፅ ይቀዳል። ይከፈት?»

ኢዴላ ቀስ ብላ ተነሣች። «ለዚያ የጋራ ጫካችሁ ብለህ ነው፣ ዌንደል? አሞስ አልሸጥም ስላለህ?»

ዌንደል ጠበቃ ጠየቀ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ክሊተስ፣ ነፃ ነዎት። ግን ከተማው ሁሉ ሊሰማ ጓጉቷል፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉትን ሰው ለምን አልሸከምም አሉ?»

ክሊተስ ባርኔጣውን ደፋ።

«አልነግርዎትም።»