አልነሳ ያለችው ኮሮላ

ሰውመሆን ሞተ፤ ይርጋለም ታሰረ፤ ኮሮላዋም አልነሳ አለች። ሦስቱን ነገር አያይዞ ለወረታ ሰው ያወራው ቻላቸው ነበር፦ «ይርጋለም የሸጠለት ቅራቅንቦ አልነሳ ብሎት፣ ሲገፋ አዳልጦት ሞተ።»

ኢንስፔክተር ሰገን ከደብረ ታቦር የደረሰችው አስከሬኑ ሳይቀበር ነው። ቁስሉ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጭንቅላቱ በስተኋላ። ሰውመሆን የተገኘው ከዘር መጋዘኑ ፊት ለፊት፣ በሲሚንቶ ቦይ ጠርዝ ላይ በጀርባው ወድቆ ነው። ከአጥሩ ባሻገር የሩዙ ማሳ ውሃ አቁሯል፤ ገበሬው ዘር ይጠብቃል።

ቻላቸው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። የሰውመሆን አበልጅም ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሳለት እሱ ነው። ለቅሶ ላይ ፊቱን ነጭቷል።

«አንድ በአንድ ንገረኝ» አለችው ሰገን።

«ምኑን ልንገርሽ፣ እህት ዓለም? ቁልፉን ቢያዞር ጭጭ አለችበት። ‹ቻሌ፣ መሪ ያዝልኝ› አለኝ። ገባሁ። ፍሪሲዮን ረግጬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ እሱ ከኋላ ገፋ። ፍሪሲዮኑን ብለቀው እምቢ አለች። ዞር ስል ወድቋል።»

«ከዚያ በፊት ነድተሃት ታውቃለህ?»

«እኔ አይሱዙ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ! በዚች የሴት መኪና ምን ልሠራ?»

ሰገን ወደ ኮሮላዋ ሄደች።

«ሞክረናታል፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ይልቃል። «ቁልፉን አዞርን፤ ሞታለች። ሌላ የነካነው የለም።»

ሰገን ገብታ ተቀመጠች። መብራቱን አበራች፤ ደምቆ በራ። ጥሩምባውን ተጫነች፤ ከቦዩ ዳር ወፎች ተነሡ። ቁልፉን አዞረች፤ ዝም።

«ነዳጅ አልቆ ይሆን?» አለ ሳጅኑ።

«ነዳጅ ቢያልቅ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ይዞር ነበር። ባትሪው ቢደክም መብራቱ ይፈዝ ነበር። እንዳትነሳ የያዛት ሌላ ነገር ነው።»

እግሯ ሥር አየች። ቀጥላ ማርሹን አየች። ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ገፍታ ቁልፉን መልሳ ስታዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ።

ሳጅኑ ሳቀ። «ምን ሆና ነው ታዲያ?»

«ምንም። ችግሩም እሱ ነው።»

ከቀብር በኋላ የሟችን ሚስት ፅጌን ድንኳኑ ጥግ ላይ አናገረቻት። ፅጌ አስተማሪ ናት፤ የተበላሸ መኪና ሸጠልን ብላ ይርጋለምን የከሰሰችውም እሷ ናት።

«ባለቤትሽ ያን ዕለት ቻላቸው ዘንድ ለምን ሄደ?»

«በዘሩ ጉዳይ። ከመጋዘን ያመጣውን ሩዝ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ አንድም ፍሬ አልበቀለለትም። ዘሩን ያቀረቡት ሰዎች ቻላቸውን ያታለሉት መስሎት ሊያስጠነቅቀው ሄደ።»

በማግስቱ ሰገን ሁሉንም መጋዘኑ ቢሮ ሰበሰበች። ይርጋለም በካቴና መጣ።

«ይኼን ነፍሰ ገዳይ ፅጌ ፊት ምን አስቆመው?» አለ ቻላቸው።

«ቁጭ በል። ፅጌ፣ ኮሮላሽ ፍሪሲዮን አላት?»

«የላትም። አውቶማቲክ ናት፤ ነዳጅና ፍሬን ብቻ...» ፅጌ ወደ ቻላቸው ዞረች።

«ቻላቸው፣ የሌለ ፍሪሲዮን እንዴት ረገጥህ?»

«ደንግጬ ተምታቶብኝ ነው!»

«አፍህ ይምታታ። ማርሹን ግን ያገኘሁት ሁለት ቁጥር ላይ ነው። አውቶማቲክ መኪና እዚያ ላይ ሆና ቁልፍ ብታዞር ድምፅ አታሰማም፤ የምትነሳው ማርሹ ወደ ማቆሚያው ሲመለስ ነው። ተበላሽታ አይደለም የተገፋችው፤ አንተ የተገፋች ለማስመሰል ማርሹን ስትነካ ነው ‹የተበላሸችው›። የነካኸውም በመስኮት እጅህን ሰደህ ነው፤ ገብተህ ብትቀመጥ ፍሪሲዮን እንደሌላት እግርህ ይነግርህ ነበር። እዚህ አገር አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ ይገፋል፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀህም። ይህች ግን ተገፍታ አትነሳም።»

«ስሸጥላቸው ነግሬያቸዋለሁ» አለ ይርጋለም። «ባትሪ ከሞተ ጥሩኝ እንጂ አትግፏት ብዬ።»

«ሌላም አለ። ሲገፋ ያዳለጠው ሰው በፊቱ ይደፋል። ሰውመሆን በጀርባው ነው የወደቀው፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ገፍትሮት። ሊያስጠነቅቅህ መጥቶ ነበር፣ ቻላቸው። ጥሩውን ዘር ሸጠህ አሮጌ ሩዝ የተካህበት አንተ መሆንህን ያወቀው እዚህ ነው።»

ቻላቸው የተነጨ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ልገድለው ብዬ አልነበረም። ‹ለገበሬው እናገራለሁ› አለኝ። ‹ተው› አልሁት። አልተው አለ።»

ሳጅን ይልቃል የይርጋለምን ካቴና ፈታ።

ፅጌ ወደ ይርጋለም ዞረች። «አትገፋም ማለትህን አውቅ ነበር። ቻላቸው ‹ሲገፋ› ብሎ ሲነግረኝ ግን የማውቀውን ጥዬ እሱን አመንሁ።»

«አበልጅሽ ነዋ» አለ ይርጋለም መሬት መሬት እያየ።

«ፅጌ፣ በክርስትና ልጄ ይዤሻለሁ...» አለ ቻላቸው።

«ልጄ ትናንት ሲያለቅስ የዋለው አንተ ጭን ላይ ነው። ዛሬ ስገባ ምን ልበለው? አንተው ንገረኝ።»

መልሱን ጠበቀች። ቻላቸው እንደገና ፊቱን ሸፈነ። ፅጌ ወጥታ በሩን ዘጋችው።