ከአንድ በላይ አይፈቀድም

«ይሄ ልጅ አራት እናት አለው» አለች ሬዲዮ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ሂጂ ወደዚያ!»

«ቁጠሪያቸው። ሁለቱ መነጽር ያደርጋሉ።»

አንቀጽ ወንበሯን ጎትታ ቆጠረች። እውነትም አራት ናቸው፤ አራቱም በልጁ ገጽ ላይ «እናት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ተደርድረው ይስቃሉ።

አንቀጽ የወጣላት ስም ነው። በእረፍት ሰዓት ኳስ አስቁማ «ሕጉ እንዲህ ነው» ማለት ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ እንደዚያ ይጠራታል፤ በእውነተኛ ስሟ የሚጠሯት የተቆጡ አስተማሪዎች ብቻ ናቸው። ጓደኛዋ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ማብራራት አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ይገባዋል።

ትምህርት ቤቱ አርባ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከየተማሪው ቤት የቆዩ ፎቶዎችን እየሰበሰበ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል። ቅዳሜ ወላጆች መጥተው በትልቁ ስክሪን ያዩታል፤ የራሳቸውን ፊት ሲነኩ ያሉበት ፎቶ ሁሉ ከነዘመዶቻቸው ይመጣል ተብሏል።

ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይሰጣል። ሰውየው በሃያ ፎቶ ላይ ቢኖር ስሙ ሃያ ጊዜ አይጻፍም፤ ሃያውም ፎቶ ከእሱ ገጽ ጋር ይያያዛል። አንቀጽ ይህ ነገር ሲነገራት ወዲያው ነው የገባት። የእንጀራ እናቷ እታለም ልብስ ሰፊ ናት፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ልኩን የምትጽፍበት አንድ ገጽ በደብተሯ አላት። የሰውየው ሆድ ሲጨምር አንዲት ቁጥር ሰርዛ አዲስ ትጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሰፋው ሱሪ ሁሉ ልክ ይሆናል። ልዩነቱ የሶፍትዌሩ ገጾች እርስ በርስም መያያዛቸው ነው። በአንዱ ልጅ ገጽ ላይ «እናት» ብለህ ስታስገባ፣ በእናትየዋ ገጽ ላይ «ልጅ» የሚለው ሳጥን በራሱ ይሞላል።

ገጹ የሚሞላበት ባዶ ቅጽ ቴምፕሌት ይባላል። የትኛው ሳጥን ይኑር፣ የትኛው ግዴታ ይሁን፣ በየሳጥኑ ስንት ሰው ይግባ የሚለው ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ነው። ቴምፕሌቱን እንድታዘጋጅ አንቀጽ ተመረጠች። ሌላ የተወዳደረ የለም።

«ልጁን ጠይቄዋለሁ» አለች ሬዲዮ። «አያቱን እማዬ ነው የሚላት። እናቱን ደግሞ በስሟ ይጠራል። አክስቱ እናቴ በለኝ ብላዋለች። አራተኛዋ ጎረቤት ናት፣ ምሳ ታበላዋለች።»

«ምሳ ያበላ ሁሉ እናት ከሆነ የካፌው ሰውዬ የስንት ልጅ እናት ሊሆን ነው?»

እንደዚህ ያሉ ልጆች አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ራሳቸውን ያዙ። ተማሪው «ድምፅ ቀንሱ» የሚላቸው ሴት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲሉ ይውላሉ፣ ሲሉም ኳስ ሜዳ ድረስ ይሰማል።

«አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!» አሏት።

አንቀጽ ቴምፕሌቱን ከፈተች። «እናት» በሚለው ሳጥን አጠገብ «ከፍተኛ ቁጥር» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ 1 ጻፈችበት። ሶፍትዌሩ ከዚህ በላይ ለሚያስገባ ሰው ምን ልበለው ብሎ ጠየቃት። «ከአንድ በላይ አይፈቀድም» ብላ ጻፈችና ትንሽ አስባ ቃለ አጋኖ ጨመረችበት። ከዚያ አሥራ አንዱንም ልጆች እየጠራች ሁሉንም በየቦታው አስቀመጠች፤ አያትየዋ ወደ አያት፣ ጎረቤትየዋ ወደ ጎረቤት። ማንም አልከፋውም። ኃላፊዋ «ጎበዝ!» ሲሉ ኳስ ሜዳ ላይ ያሉት ዞር አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ መጣ። ፎቶዎቹ እንዳይታጠፉበት ደብተር መሀል ከትቶ፣ ደብተሩን እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ይቺ እናቴ ናት» አለ አንዱን አውጥቶ። «ይቺም እናቴ ናት።»

ሬዲዮ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አንዷ አክስትህ ትሆናለች» አለች አንቀጽ፣ በደግነት።

«አዎ፣ የእናቴ እህት ናት። ግን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ሥራዋ ሩቅ ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ፣ አክስት የሚል ሳጥን አለ።»

«አክስቴ ብያት አላውቅም።»

«ብትላትም ባትላትም ናት። በዚያ ላይ ሳጥኑ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ይኸው እይ።» ሁለተኛዋን አስገብታ አሳየችው። ቀዩ ጽሑፍ ከነቃለ አጋኖው ብቅ አለ።

ልጁ አነበበው። ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«የትኛዋን ላውጣ?» አለ። እየተከራከረ አልነበረም፤ ሕጉን የምታውቀው እሷ ስለሆነች ነው የጠየቃት።

«የወለደችህ ትግባ።»

አንዱን ፎቶ ሰጣት። ሌላውን አንስቶ ደብተሩ ውስጥ መለሰው።

«እሷን አክስት ላይ ላስገባልህ?»

«ይቅር» አለና ወጣ።

ከሄደ በኋላ ሬዲዮ ቀዩን ጽሑፍ ራሷ ዘጋችው።

አንቀጽ ቤት ስትደርስ እታለም ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ የአንድ ሰው ኮት እጅጌ ትገጥም ነበር። አንቀጽ እታለም ማለት የጀመረችው በአምስት ዓመቷ፣ አባቷ እሷን ሲያገባ ነው። እናቷ ከሞተች ያኔ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ የጆሮ ሕመሙም፣ የቤት ሥራውም፣ ፀጉር ሲበጠር ያለው ለቅሶም የሚደርሰው ለእታለም ነበር።

«ቅዳሜ ምን ልልበስ?» አለች እታለም፣ ስፒሎቹን ሳታወጣ።

«ልብስ ሰፊ ሆነሽ እኔን ትጠይቂያለሽ?»

«ለራሴ መች ሰፍቼ አውቅና!»

ተነስታ ከቁም ሳጥኑ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የአንቀጽ እናት ፎቶ ነው።

«መጀመሪያ ይሄን አስገቢው። ጠርዙ ተላልጧል፣ በመዳፍሽ ያዢው። በጣትሽ አትንኪው።»

ሁለተኛው ፎቶ ከጠረጴዛው መሳቢያ፣ ከቁልፎችና ከተቆራረጠ ክር መሀል ነው የወጣው። አንቀጽ ትምህርት ቤት የገባችበት ቀን ነው፤ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ ታለቅሳለች። እታለም ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ቁልፍ ትቆልፍላታለች፤ ፊቷ በግማሽ ነው የሚታየው።

«ሌላ የለሽም?»

«ከየት ይመጣል? የማነሳው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።» ወደ ኮቱ ተመለሰች። «ከሥሬ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

«ከዝርዝር ነው የሚመረጠው።»

«ምን ምን አለው?»

«‹የእንጀራ እናት› የሚል አለ።»

እታለም እጅጌውን ገልብጣ ስፌቱን አየች።

«ልክ ነው» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ካልሆነም ‹ልብስ ሰፊ› በዪኝ። ማን ያውቃል፣ ደንበኛ ይገኝ ይሆናል።»

ሁለቱም ሳቁ። እታለም ቀድማ አቆመች።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሥራው እንደሚዘጋ ተነግሯል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አይነካም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንቀጽ የራሷን ገጽ ከፈተች። እናቷን በእናት ሳጥን አስገባች። እታለምን «የእንጀራ እናት» ብላ አስገባች። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ያለ ክርክር ተቀበለ። እሷም በሥራው ተደሰተችና እታለም ቅዳሜ ፊቷን ስትነካ ምን እንደሚመጣላት ለማየት የእታለምን ገጽ ከፈተች።

ፎቶ፦ 1። ሙያ፦ ልብስ ሰፊ። ባል በሚለው ላይ የአንቀጽ አባት ስም አለ። ከሱ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

ልጆች፦ የለም።

የእንጀራ ልጅ የሚለው ከታች፣ ከአድራሻው ሥር ነበር። አንቀጽ ግን እዚያ አልደረሰችም። «የለም» የሚለውን ማንም አልጻፈውም። ባዶ ሳጥን ያስጠላል ብላ፣ ባዶ የሆነው ሁሉ በራሱ «የለም» እንዲል ያደረገችው እሷው ናት።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሬዲዮ።

አንቀጽ በጣቷ አሳየቻት። ሬዲዮ አነበበች።

«ውይ! ይሄንን በዚያ ትልቅ ስክሪን? ሰው ሁሉ ተሰልፎ እያየ?»

አንቀጽ ወደ ራሷ ገጽ ተመልሳ እታለምን በእናት ሳጥን ውስጥ ልታስገባ ሞከረች። ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ሞከረች። ሶፍትዌሩ ለማንም አያዳላም፤ የራሷን ቃለ አጋኖ መልሶ ሰጣት።

«በቃ እናትሽን ወደ ሌላ...» ብላ ጀመረች ሬዲዮ። አልጨረሰችውም። «ተይው። ይቅርታ።»

«ሃያ ደቂቃ ቀረ!» አሉ ኃላፊዋ ከበሩ። መጽሐፍ ያነቡ የነበሩ ሁለት ልጆች ደነገጡ።

«ቲቸር፣ የእናት ሳጥኑ ላይ ያለውን ገደብ ላነሳው ነው።»

«ምን? አራት እናት ተመልሶ ሊመጣ? ይሄንን ገደብ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

«እኔ ነኝ።»

«ጎረቤቱን ሁሉ ያስገቡልሻላ!»

«ያስገቡ» አለች አንቀጽ። «ቦታ አለ።»

ኃላፊዋ ሊቆጡ መጥተው ነበር፤ አጠገቧ ሲደርሱ የእታለም ገጽ እንደተከፈተ አዩት። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ያን ግማሽ ፊት፣ ያን ቁልፍ የሚቆልፍ እጅ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ቶሎ በይ» አሉ። ይህንን ያሉት በሹክሹክታ ስለነበር ሬዲዮ ቆይታ ለሰው ስትናገር ማንም አላመናትም።

አንቀጽ ቴምፕሌቱን ከፍታ 1 የሚለውን አጠፋች። ቀዩን ጽሑፍም አጠፋች። ሶፍትዌሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ የሚለውን ተጫነች። ሰዓቱን አየችና ከወንበሯ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ያ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ገና አልወጣም፣ ስፖርት ላይ ናቸው። ደብተሩን ይዞ ይምጣ።»

«የራስሽስ? አሥራ አምስት ደቂቃ እኮ ነው የቀረው!»

«የኔን አንቺ ሙዪልኝ። ፎቶዎቹ ይኸው። በመዳፍሽ ያዢያቸው።»

«እኔ?» ሬዲዮ ወደ ወንበሩ ተንሸራተተች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ቆይ፣ ቆይ! ሳጥኑ ውስጥ የትኛዋን ነው የማስቀድመው?»

አንቀጽ በሩን እንደያዘች ዞረች።

«በመጡበት ተራ» አለችና ወደ ሜዳው ሮጠች።