ኮሌጁ ኸሊዳን የለመነ ጊዜ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘባት በአዋሽ ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ እምቢ ይበለኝ። እሸቴ ነኝ፤ ከጅቡቲ ሞጆ ተሳቢ ስጎትት የኖርኩ ሰው። በዚህ መንገድ ላይ የማያውቀኝ ቢኖር ትናንት የተወለደ ግመል ብቻ ነው። ስለዚህ እመኑኝ፤ ኸሊዳ ከጋቢናዬ ወርዳ ሰመራ ያለው ኮሌጅ በር ላይ ስትቆም ወደ ኋላ ልትመለስ ነበር። ከጎኗ ማን እንደቆመ ስታስታውስ ግን ቀጥ ብላ ገባች።

ኸሊዳን ለማታውቋት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለሹፌር ሁሉ ቁርስና ሻይ የምትሸጠው የነኢማ ልጅ ናት። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። ልቧ ያረፈው ሰመራ ውስጥ የውሃ ምህንድስና በሚያስተምር አንድ ትንሽ ኮሌጅ ላይ ነው። ትንሽ ስል ሕንፃውን ነው እንጂ፣ የሚያመለክተው ሕዝብ ስታዲየም ይሞላል፤ የሚገባው ግን አንድ ክፍል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ደግሞ ውጤት ብቻ አይበቃውም። ከልቡ የሚፈልገንን ተማሪ እናስቀድማለን፣ መጥታችሁ ጎብኙን፣ ጠይቁን ብሎ በቴሌግራም ገጹ ለጥፏል።

ኸሊዳ ውጤቷ ጥሩ ነው። ግን የእሷን ያህል ያመጣ በየከተማው ሞልቷል። ይህ ካመለጣት ምደባው አገር አቋርጦ የትም ሊጥላት ነው፤ ሰመራ ግን በዚሁ መንገድ ላይ ናት፣ ጠዋት የተነሳ ከሰዓት ይገባል። እናቷ ደግሞ ከእሷ ሌላ ልጅ የላትም። መፈለጌን እንዴት ነው የማሳየው ብላ ማንን ጠየቀች? እኔን ነዋ።

እኔም የመንገዱን ጥበብ ገለጥኩላት። ኬላ ላይ የሚንገላታው ፊቱ የማይታወቅ ሰው ነው፤ ፊትሽን አስለምጃቸው አልኳት። ከዚያም ንግግር አዘጋጀሁላት፤ ዘበኛም አገኘሽ ጸሐፊ፣ ዲኑም ቢሆን ይህንኑ በይ ብዬ። «ገና እናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ የአዋሽን ድምፅ እሰማ ነበር። ከእናንተ ሌላ ኮሌጅ በሕልሜም አይቼ አላውቅም።»

ገዋኔን ስናልፍ ኸሊዳ ንግግሩን እየሸመደደች ነበር። መሃል ላይ ቆም አለችና ሌሎች ኮሌጆችም ማመልከቷን አስታወሰችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፉገራ ነው» አለች።

«ፉገራ አይደለም፣ ፍላጎት ነው። ፍላጎት ደግሞ ካልጮኸ አይሰማም።»

መስኮቱን ከፈተች። ትኩሱ ነፋስ ሻሿን እያርገበገበው ንግግሩን ደገመችው፤ ከአፏ የሚወጣው ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት። ይህን በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። የሞተር ድምፅ ሰምቶ የቱ ብሎን እንደላላ የሚያውቅ ሰው የልጅ ልብ አይጠፋውም። ብቻ መግባቱን በጣም ትፈልገዋለች፤ ስለዚህ አሁንም ደገመችው።

በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኞቹ ተሰልፈው ሰላምታ ሰጡኝ። ዲኑ በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ መምህር ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ኸሊዳ ንግግሩን ስታወርደው ኤሲው ራሱ ድምፁን ቀነሰ። አንድ የፊዚክስ መምህር አለቀሰ። ዲኑ እጄን ይዞ፣ ይህችን ልጅ ሌላ ከሚወስዳት ይህን በር ለዘላለም ብንዘጋው ይሻላል አለኝ። እሷም አስብበታለሁ ብላቸው ወጣች፤ መምህራኑ በባጃጅ እየተከተሉ እስከ ሎግያ ድረስ ለመኗት።

ይህን ታሪክ ባለፈው ቅዳሜ ነኢማ ቤት ሳወጋ የኸሊዳ ክፍል ልጆች ከበውኝ ነበር። እሷ ራሷ ጥግ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች። አንድም ቃል አልተናገረች፤ እኔም ዝምታዋን እንደ ምስክርነት ቆጠርኩት። ደሴ የሚባለው የክፍሏ ልጅ እሱም እዚያው ኮሌጅ አመልክቷል። ስልኩን አወጣና ንግግሩን ቀስ ብዬ እንድደግምለት ለመነኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሄዶ ቃል በቃል ሊለው ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምርለት ስል የነኢማ ወንድም ሁመድ ገባ።

ሁመድ ከአሳይታ ወዲያ ከብት የሚጠብቅ አፋር ነው። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠና የእህቱን ልጅ ዳጉ ጠየቃት። አፋር ዘንድ ዳጉ የተጠየቀ ሰው ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ የዋሸውን ጎሳው ይቀጣዋል። እኔ ይህን ደንብ ድሮም አልወደውም።

ኸሊዳ እጇን በጨርቅ አደረቀች። ደሴን አየችው፤ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። አጎቷ የጠየቃት በአፋርኛ ነበር። እሷ ግን በአማርኛ መለሰች።

«ሰላም ነው። እናቴ ደህና ናት። ዝናብ የለም» አለች፤ ዳጉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። «ሰመራ ሄጄ ነበር። የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ጋሼ እሸቴ ያን ሰሞን ጅቡቲ ነበሩ፤ ንግግሩን ያስጠኑኝ በስልክ ነው። አዳራሽ አላየሁም፣ ዲኑንም አላየሁም። ያነጋገረችኝ አንዲት መምህርት ናት። ንግግሩን ስጀምር አስቆመችኝና ከምናስተምረው የትኛው ነው አንቺን ያመጣሽ አለችኝ። የትምህርት ዝርዝሩን አላነበብኩም ነበር፤ አላነበብኩም አልኳት። ሌላ ቦታ ማመልከቴንም ነገርኳት።»

ነኢማ የሻዩን እሳት ቀነሰች።

«እሷስ ምን አለችሽ?» አለ ሁመድ፣ እሱም በአማርኛ።

«አልተቀበሉኝም፣ እምቢም አላሉኝም። ሐሙስ ነይና ክፍል ገብተሽ ከተማሪዎቹ ጋር ዋዪ፣ ከዚያ ትፈልጊን እንደሆነ ትነግሪናለሽ አለችኝ።»

ደሴ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ስለ አዳራሹ ስፋት አንድ ነገር ልጨምር አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ ዘጋሁት።

«ትሄጃለሽ?» አላት ሁመድ።

«እሄዳለሁ። ረቡዕ ማታ ሰመራ ያለችው አክስቴ ዘንድ አድራለሁ። ካልወደድኩትም አልወደድኩትም እላቸዋለሁ» አለች። ከዚያም ቀጠለች። «አንድ ጥያቄ ይዣለሁ። አዋሽ እዚህ የሚጠጣ ውሃ ሆኖ ሳለ፣ መጨረሻው ሐይቅ ላይ ሲደርስ ለምን ጨው እንደሚሆን እጠይቃቸዋለሁ።»

ሁመድ ሐይቁን ያውቀዋል። ያን ውሃ ከብቶቹ አይጠጡትም።

«እሱን ሲነግሩሽ» አለ፣ «ዳጉውን መጀመሪያ ለእኔ አምጪልኝ።»