በጀፎረው ላይ የያዝኩት ገመድ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ነጠላቸውን አጣፍተው ውልቅ ከሚሉት ሴቶች አንዷ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው እገሌ እንዲህ ታየው፣ እገሊት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰማች ማለት ሲጀምሩ እኔ የለሁበትም፣ ሰው ሲደክመው ጆሮው ብዙ ነገር እንደሚፈጥር አውቃለሁ፣ የቀረውን ደግሞ ለፈጣሪ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። በሩን ደጋግሜ ሳልነካካ የማልተኛ፣ የሰውን ይቅርና የራሴን ዓይን እንኳ ቶሎ የማላምን ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ይሄን የማወራችሁም ላስደንቃችሁ ፈልጌ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው፣ እመኑኝ፣ ብቻዬን ይዤው ስለደከመኝ ነው።

ስሜ ብርነሽ ነው። የተወለድኩት ከጉንችሬ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው፣ ስሟን አልጠራም፣ ሰዎቹ ዛሬም አሉና። የምኖረው ግን ጅግጅጋ ነው፣ ባለቤቴ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ወሰደኝ፣ እሱ ካረፈ በኋላም ሱቁን ይዤ በዚያው ቀረሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ እንደገባ፣ አዶት ደወለችልኝ፣ እናታችንን አዶት ነው የምንላት። የደወለችው በወንድሜ ስልክ አልነበረም፣ በጎረቤት ስልክ ነው፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገና ሃሎ ሳትል ገባኝ።

"ብርነሽ፣ ወንድምሽ ጀፎረውን ነካ" አለችኝ።

ለማታውቁት፣ ጀፎረ ማለት በእኛ አገር መንደሩን መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት። ሠርጉም ልቅሶውም እዚያ ነው፣ መስቀልም የሚደምቀው እዚያ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ ስፋቱን የቀድሞ አባቶች ለክተው ያስቀመጡት ስለሆነ አንድ ክንድ የገፋ ሰው መንደሩን በሙሉ እንደገፋ ይቆጠራል። ታዲያ ወንድሜ ደሳለኝ፣ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በጀፎረው በኩል የሚገባው የጠጠር መንገድ ሊሠራ ነው፣ ሚኒባስ ሊገባበት ነው የሚል ወሬ ይሰማና፣ ከሁሉ ቀድሜ ሱቅ ልክፈት ብሎ አጥሩን ወደ ፊት ገፍቶ እንጨት አቁሟል። ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ አጥሩን መልስ ብለውታል። ካልመለሰ ይገለላል፣ መገለል ማለት ደግሞ እሳት የሚያስጭረው የለም፣ ደቦ የሚወጣለት የለም፣ ከቤቱ ሬሳ ቢወጣ የሚሸከምለት የለም። ሚስቱ ይሄን ስትሰማ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ሄዳለች።

"እሱስ ጎልማሳ ነው፣ ይችለዋል" አለች አዶት፣ "እኔ በዚህ ሳምንት ብሞት ማን ያወጣኛል ልጄ?"

በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ተነሳሁ። የጅግጅጋን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አዲስ አበባ ስደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ደግሞ በሚኒባስ ጉብርየን፣ እምድብርን አልፎ ጉንችሬ። ዛሬ ሰው በዚህ መንገድ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ እንቅልፉን እየተኛ ያልፋል፣ አባቴ ግን በልጅነቱ ወልቂጤ ገበያ የሚወጣው በእግሩ ነበር፣ ወንዝ ሲሞላ በዚያ ማዶ ያድራል። ዋናው መንገድ ሲመጣም እኛ መንደር አልገባም፣ በላይ በኩል ነው ያለፈው። ከእሱ ወደ እኛ የሚገባውን አጭር መንገድ አባቶቻችን ናቸው በዶማ የቆፈሩት፣ አዲስ አበባ የሚሠሩት ወንዶች ለመስቀል ሲመጡ የክት ልብሳቸውን አውልቀው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር ይለን ነበር አባቴ። ጀፎረው እንዳይጠብ መጀመሪያ በቃጫ ገመድ ይለካል፣ የገመዱን አንድ ጫፍ የሚይዘው አጥሩ ከሚለካበት ቤት የተወለደ ሰው ነው፣ ነገ ተበደልኩ እንዳይል። የያዘ ሰው፣ የሚለካው ሰው "ልቀቅ" ሳይለው አይለቅም። ከለቀቀ ምስክርነቱ የሐሰት ነው፣ ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ጉዳይ ቃሉ አይሰማም። ይሄን አባቴ ሺህ ጊዜ ነግሮናል፣ እኛም ሺህ ጊዜ አንቀላፍተንበታል።

ከጉንችሬ ሸምሱ የሚባል ባለባጃጅ ይዞኝ ወጣ፣ ጺሙን ሂና የቀባ፣ ደሳለኝን ከልጅነቱ የሚያውቅ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። መገንጠያው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ከታች ጉም ወጥቶ መንደሩን ውጦታል፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው።

"ከዚህ ወዲያ አልገባም እትዬ ብርነሽ።"

"ኧረ ሸምሱ፣ ሻንጣ ይዣለሁ።"

"ብገባ ሻንጣውንም ባጃጁንም እኔንም ጎትተው የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። በጾም ጉልበትዎ አይሆንም" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ "ለደሳለኝ ይንገሩት፣ ወላሂ እንወደዋለን፣ ግን ይመልስ። እሑድ ከተፈረደ እኔም ሰላም ልለው አልችልም" አለኝ።

ሻንጣዬን ተሸክሜ ወረድኩ። ገና አልጨለመም ነበር፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ግን ጉሙ ነጭ ሆኖ ቆሞ ከእጄ ወዲያ አያሳይም። ጠንቃቃ ነኝ ብያችኋለሁ፣ መሐሉ ስለሚያዳልጥ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያለውን የጎረቤት አጥር እየተደገፍኩ በዳር በዳር እሄዳለሁ፣ በአፌ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የዶማ ድምፅ ነው፣ አንድ ዶማ አይደለም፣ ብዙ፣ አንድ ላይ ወርዶ አንድ ላይ የሚነሳ፣ በመካከሉም የብዙ ሰው ትንፋሽ። በዚህ ዝናብ ማን ይቆፍራል ብዬ ቆምኩ። ስቆም እሱም ቆመ። ስሄድ ቀጠለ። የራሴ እግር ነው፣ ጭቃው ነው አልኩ፣ ድካም ነው አልኩ፣ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ሣሩ ላይ ሄድኩ፣ ያው ነው።

ከዚያ አንድ ሰው አስሎ ከጉሙ ወጣ። ሽማግሌ ነው፣ ጋቢ ለብሷል፣ ትከሻው ላይ የቃጫ ገመድ ጠቅልሏል። ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ያኔ ምንም አልፈራሁም። እንደ አገሩ ወግ እጅ ነሳሁ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት።

"እህ" አለ፣ እንደሚያውቀው ሰው፣ እንደ ደከመው ሰው። "እንግዲያው አንቺ ነሽ የምትይዢው። በይ ይሄን ጫፍ ያዢልኝ፣ እኔ እስክልሽ እንዳትለቂ።"

ሽማግሌዎቹ ከእሑድ በፊት ሊለኩ ልከውት ይሆናል ብዬ ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ያዝኩለት። እሱ ገመዱን እየፈታ ወደ እኛ ቤት በኩል ሄደ፣ ጉሙ ዋጠው። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፣ እኔ ከነጠላዬ እስከ ቀሚሴ በስብሻለሁ፣ የእሱ ጋቢ ደረቅ ነበር።

ገመዱ ተወጠረ፣ መዳፌን እስኪያቃጥለኝ ተወጠረ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። የዶማውም ድምፅ ጠፍቷል፣ ወፍ እንኳ የለም። "አባባ፣ ልልቀቅ?" አልኩ። መልስ የለም። ጮክ ብዬ ደገምኩት፣ ድምፄ ከአፌ የወጣ አይመስልም፣ ጉሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፣ ያማተብኩትም በአንድ እጄ ነው፣ በሌላው ይዣለሁ። ጥዬው ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን የአባቴ ነገር መጣብኝ፣ የያዘ ሰው አይለቅም። በመጨረሻ ጫፉን አንጓዬ ላይ ጠምጥሜ፣ ሻንጣዬን አንስቼ፣ ገመዱን በእጄ እየሰበሰብኩ ተከተልኩት።

ጀፎረውን አቋረጥኩ። ገመዱ በደሳለኝ አዲስ አጥር ሥር ሾልኮ ይገባል፣ በአጥሩ በር ዞሬ ገባሁና ከውስጥ አገኘሁት፣ ለሱቅ በቆመው እንጨት መካከል ያልፋል፣ ግቢውን ያልፋል፣ በአዶት መስኮት ወደ ቤት ይገባል። በሩን ገፋሁ። አዶት አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፣ ክንዷ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ መስኮቱ ተዘርግቷል። ሌላኛው የገመድ ጫፍ ጭብጧ ውስጥ ነበር።

"መጣሽ ልጄ?" አለችኝ፣ ተኝታ እንኳ አልነበረም። "አንድ ሽማግሌ በመስኮት አቀበለኝ፣ እስክልሽ አትልቀቂ ብሎኝ ሄደ። ክንዴ ዛለ።"

"የት ሄደ አዶት?"

"ወደ አንቺ አልመጣም?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ ገመዱን እንደያዝን ደሳለኝ ከጓሮ ገባ። አየን፣ ገመዱን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

"እትዬ፣ ከጅግጅጋ ድረስ የመጣሽው ድራማ ልትሠሪብኝ ነው? ሽማግሌዎቹ ናቸው ያቀበሉሽ?"

"በእመቤቴ ይዤሃለሁ ደሳለኝ፣ እኔ ገና መግባቴ ነው።"

"እሺ፣ ማታ እንነጋገራለን። አዶት፣ ይሄን ቆሻሻ ጣይው፣ ክንድሽ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"አልጥልም" አለች።

"ለምን?"

"አስይዞኛላ! አንተ ጀፎረውን እስክትመልስ ልቀቂ የሚለኝ የሚመጣ ይመስልሃል? እንደያዝኩ እሞታለሁ፣ ከዚያ አንተው ብቻህን ተሸክመህ ቅበረኝ።"

ለመነ፣ ተቆጣ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያላቅቅ ሞከረ። እነዚያ ጣቶች ብርጭቆ ማንሳት ያቃታቸው ናቸው፣ እመኑኝ፣ ጉልበተኛው ወንድሜ ሊከፍታቸው አልቻለም። እጁን ሰብስቦ ወደ እኔ ሲያይ ዓይኑ የሕፃን ዓይን ሆኖ ነበር። አዶትም አልተኛችም፣ እኔም አልተኛሁም፣ እሱም በሩ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ጎህ ሲቀድ ወጣና የአጥሩን እንጨት መንቀል ጀመረ። ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው ወጡ፣ ተራ በተራ እጅጌያቸውን ሰብስበው አገዙት። ገመዱ መሐል ላይ ጨርቅ የታሰረበት ቋጠሮ ነበረው። እኔ ጫፌን ይዤ ትናንት የቆምኩበት ቦታ ሄጄ ስወጥረው ቋጠሮው የወደቀው በድሮው አጥር ጉድጓድ ላይ ነው፣ አፈር ሞልቶት ሣር ሊበቅልበት የጀመረ ጉድጓድ ላይ፣ ልክ አፉ ላይ። ሽማግሌዎቹ እሑድን ሳይጠብቁ መጡ፣ አዩ፣ መረቁት። ለኪ የላከ ግን ማንም የለም፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌም በመንደሩ የለም። ከሁሉ የሚበልጡት አዛውንት ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ቋጠሮውን አገላበጡት፣ ቆባቸውን አወለቁ።

"ይሄን አቋጣጠር ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው" አሉ።

"በቃ አዶት፣ ተመልሷል፣ አሁን ልቀቂ" አልኳት ገብቼ።

"ያስያዝሽኝ አንቺ አይደለሽም" አለችኝ።

ሚስቱ ተመለሰች፣ ሸምሱም ሰላምታውን አልነፈገውም፣ ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሱቄን ዘግቼ መክረም አልችልም። ካህን አማከርኩ፣ በጸሎት በርቺ፣ የማያስጨንቅሽን አድርጊ አሉኝ። መልቀቅም አልደፈርኩም፣ ገመዱን ሙሉውን ይዤም መሄድ አልችልም፣ ከእኔ ጫፍ ስንዝር ያህል ቆርጬ በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። ሌላው በአዶት ትራስ ሥር ነው፣ ጫፉ በእጇ።

ጅግጅጋ ደረቅ አገር ነው፣ አሁን ደግሞ ዝናብ ካየን ቆይተናል። ማታ ማታ ከጸሎት በፊት ቁራጩን አወጣዋለሁ፣ እርጥብ ነው። ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ይደርቃል፣ ማታ ስፈታው መሐረቡ ርሷል፣ የጉም ሽታ ይሸታል፣ እንዲሁ ጨብጬው እተኛለሁ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የማይለቅ ሳል ይዞኝ፣ ደክሞኝ፣ ሳልይዘው መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ጮኸ፣ ደሳለኝ ነው። አዶት አረፈች እንዴ አልኩት።

"አይ፣ ደህና ናት" አለኝ፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር። "ተቀምጣ ነው ያደረችው። ገመዱ ላልቷል፣ ብርነሽ ለቃለች፣ ደውልላት እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። እትዬ... አንቺም ትይዣለሽ እንዴ?"

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ተነሳሁ፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ መሐረቡን ፈታሁ፣ ያዝኩት። በዚያኛው ወገን፣ ከሩቅ፣ አዶት ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ።

"እሺ፣ አሁን ተወጠረ በላት" አለች።

እስካሁን ልቀቁ ያለን የለም።