ድመቷ የላሰቻት ኳስ

ኳሷ ከዮሳቤጥ እጅ ስትወጣ ቀጥ ብላ ነበር። ጀሚላ ደግሞ ቀጥ ያለች ኳስ አታመልጣትም፤ ዱላዋን በሙሉ ልቧ ሰነዘረችው። ኳሷ ግን ዱላው አጠገብ ስትደርስ፣ ቤቷ ዕቃ ረስታ እንደተመለሰች ሰው፣ ሐሳቧን ቀየረች። ወደ ታች ታጠፈችና ከመቺዋ ጀርባ ሆና የምትቀልበው የዮሳቤጥ ጓደኛ ሜሮን ጓንት ውስጥ ገባች። ጀሚላ በራሷ ዙሪያ ዞራ አቧራው ላይ ቁጭ አለች።

«ሦስት! ኸላስ፣ ወጥተሻል» አለ ዳኛው።

በቤዝቦል ሦስት ጊዜ የሳተ መቺ ይሰናበታል። ዮሳቤጥ በዚያ ዓርብ ብቻ አሥራ አንድ መቺ አሰናብታለች። የካርቱሙ ሪያድ ሰፈር ቡድን እንደ በረዶ የነጣ ማልያ ለብሶ ነው የመጣው። ከወንዙ ማዶ ያለው የባሕሪ ሐበሾች ቡድን ግን ለዘጠኝ ተጫዋች ያለው ስድስት ጓንት ነው፤ ከስድስቱም አንዱ የብየዳ ጓንት ነው።

ጀሚላ ልብሷን እያራገፈች መጣችና ኳሷን ተቀብላ አገላብጣ አየቻት።

«ምን አድርገሽባት ነው?» አለች በዐረብኛ።

«ምንም።»

«ወላሂ በያ።»

«ወላሂ፣ ምንም።»

ጀሚላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ወደሚያጉረመርሙት ጓደኞቿ ዞራ «ምላለች፤ ተዉአት» አለች። 

ዮሳቤጥ አልዋሸችም። ኳሷ ለምን እንደምትታጠፍ እሷም አታውቅም። የምታውቀው ነገር ቢኖር፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር አንደኛ መሆኗን ነው። በሒሳብ ከመጨረሻ ሦስተኛ ናት። የአማርኛ አስተማሪዋ ደግሞ ድርሰቷን ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼ በየትኛው ቋንቋ ነው የተጻፈው?» ብለው ጠይቀዋታል። አሁን ግን ባለሱቁ በላይነህ እንኳ ሲያያት «ወርዋሪዋ መጣች!» እያለ ማስቲካ ይመርቅላታል። በላይነህ ደግሞ በዋዛ የሚመርቅ ሰው አይደለም።

ይህን ጨዋታ ወደ ባሕሪ ያመጣው አሠልጣኙ ኢሳ ነው። እናቱ ጎንደሬ፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው። በሥራ ቀን አምጃድ የምትባለዋን ትንሽ የታክሲ መኪና ይነዳል። በወጣትነቱ ግን አሜሪካ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ደሞዝ እየተከፈለው ኳስ የወረወረ ሰው ነው። ኮፍያውን ደፍቶ የተነሳው ፎቶ መሪው አጠገብ ተለጥፏል። ለምን እንዳቆመ ሲጠይቁት ፊቱን ያጨፈግግና «ትከሻዬ» ብሎ ትከሻውን ይነካል። አንዳንድ ቀን ቀኙን፣ አንዳንድ ቀን ግራውን ነው የሚነካው።

ጉዱ የፈላው ማክሰኞ ልምምድ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ ባሕሪና ሪያድ ለዋንጫ እንደገና ሊገናኙ ነው።

ሜዳው ከጋራዦች ጀርባ ስለሆነ ድመት አይጠፋበትም። ሜሮን ጓንቷን ይዛ ወደ ቤት ስትሄድ ድመቶች ሲከተሏት ሰንብተዋል፤ እሷም ደግ ልብ ስላላት መስሏት ተደስታ ነበር። ያን ቀን አንዲት አጥንቷ የወጣ ድመት መጣች። ኢሳ ድንጋይ ላይ ያስቀመጠውን ፉልና ዳቦ ዞር ብላ ሳታይ አለፈችው። ቀጥ ብላ ዮሳቤጥ የወረወረቻት ኳስ ጋ ሄደችና ዓይኗን ጨፍና ትልሳት ጀመር።

ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ። ሜሮን ኳሷን ነጥቃ አሸተተች። ከዚያ የዮሳቤጥን እጅ ይዛ አሸተተች። በመጨረሻ ማጅራቷን አሸተተች።

«ዮሲ» አለች ቀስ ብላ። «ቅቤ ነሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዮሳቤጥ እናት ብርቅነሽ የካርቱም ፀሐይ የልጇን አናት እንዳይበሳው በሳምንት ሁለቴ ቅቤ ትቀባታለች። በዚያ ሙቀት ቅቤ ምን እንደሚሆን ይታወቃል፤ ቀልጦ በማጅራት ይወርዳል። ዮሳቤጥ ደግሞ ከመወርወሯ በፊት ማጅራቷን በቀኝ እጇ ጠረግ የማድረግ ልማድ አላት። የተቀባች ኳስ ከጣት ሙልጭ ብላ ስለምትወጣ አትሽከረከርም፤ ስለዚህ መቺው ጋ ስትደርስ ትወድቃለች። ኳስ ላይ ምንም ነገር መቀባት ደግሞ ክልክል ነው። ኢሳ ይህን በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነግሯቸዋል።

«ማንም አያውቅም» አለች ሜሮን። «ድመቷ ሄዳ አትመሰክር።»

«ወላሂ ብዬ ምዬላታለሁ እኮ።»

«ያኔ አታውቂም ነበር፤ ስለዚህ አይቆጠርም።»

«አሁንስ?»

ሜሮን አሰበች። «አሁን ደግሞ ማንም አላስማለሽም።»

ነገሩ ለዮሳቤጥ አልተዋጠላትም። ጀሚላ «ተዉአት» ያለችበት ድምፅ በጆሮዋ ይመላለስ ጀመር።

ከልምምድ በኋላ ኢሳ ካርቱም መሃል ወዳለው ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሰው ሊጭን ሲሄድ፣ ዮሳቤጥን እዚያው በርበሬ የምትሸጠው እናቷ ጋ ሊያደርሳት በአምጃዱ አሳፈራት። ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ቆሟል።

«ኮች፣ አንድ ሰው ሳያውቅ ኳስ ላይ የሆነ ነገር ቢያስነካ…»

«ምን የሚሉት ነገር?»

«ለምሳሌ… ቅቤ።»

ኢሳ ዞሮ ፀጉሯን አየ። ከዚያ ከጀርባዋ ያለውን የመቀመጫ ልብስ አየ። እሷ ሁልጊዜ የምትደገፍበት ቦታ ወዝቷል። መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ሌላ ሆነ።

«ትከሻዬ ደህና ነው» አለ። «ሁለቱም።»

ዮሳቤጥ ቀኙንም ግራውንም አየች።

«ኮፍያዬ ውስጥ ቫዝሊን እቀባ ነበር። ጠረግ አድርጌ መወርወር ነው። አራት ዓመት ሠራ፤ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጣሁ። አንድ ቀን ዳኛው ኮፍያዬን አወለቀና በሃያ ሺህ ሰው ፊት ጣቱን ውስጡ አስገባ። የዚያኑ ሳምንት ቡድኔ አባረረኝ።» ፎቶውን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። «መባረሩ አይደለም የሚቆጨኝ። ያለ ቫዝሊን ምን ያህል ወርዋሪ እንደነበርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እኮ ጎበዝ ነበርኩ፣ ዮሲ።»

ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ። ኢሳ ማርሽ አስገባ።

«ዓርብ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። በቅቤው ጉዳይ የምታዝዘው እናትሽ ናት፤ እሷን ደግሞ እኔም እፈራታለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ብርቅነሽ የቅቤውን ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ዛሬ ይቅርብኝ።»

«ምኑ?»

«ቅቤው። የነበረውንም ታጥቤዋለሁ።»

ብርቅነሽ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ፣ መተማን አቋርጦ፣ ስንት ኬላ አልፎ የመጣ ቅቤ! በሳሙና?»

«ሳሙናው አልለቅ አለ። በኦሞ ነው።»

«ራሴን አመመኝ ብለሽ እንዳትመጪ» አለች እናቷ፤ ብልቃጡንም ከፍታ ቅቤውን የራሷ አናት ላይ አደረገችው።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። የመጀመሪያዋ መቺ ጀሚላ ናት። ዮሳቤጥ ወደ ቦታዋ ከመሄዷ በፊት አጠገቧ ሄደች።

«ያን ቀን ምዬልሽ ነበር» አለቻት። «ሳላውቅ ነው። ፀጉሬ ላይ ቅቤ ነበረ፣ በእጄ ኳሷ ላይ ይደርሳል። ዛሬ ታጥቤያለሁ። ለዳኛው መንገር ትችያለሽ።»

ጀሚላ በኦሞ ታጥቦ በየአቅጣጫው የቆመውን ፀጉሯን አየች።

«ቅቤ? የሚበላው?»

«የሚበላው።»

ጀሚላ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ለዳኛው የምነግረውን በኋላ አስብበታለሁ። መጀመሪያ ወርውሪ።»

ዮሳቤጥ ማጅራቷን ጠረገች። እጇ ደረቅ ነበር። ወረወረች።

ጀሚላ መታቻት። ኳሷ በሰው ሁሉ አናት ላይ አልፋ፣ የጋራዡን አጥር ተሻግራ አንድ ቆርቆሮ ላይ አረፈች፤ የአንድ መካኒክ እርግማንም ተከትሎ ተሰማ። ጀሚላ እየሳቀች ሜዳውን ዞረች፤ ነጥቡ ለሪያድ ተቆጠረ። በላይነህ ለወርዋሪዋ ብሎ የያዘውን ማስቲካ ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ዮሳቤጥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ኢሳን ፈልጋ አየችው። እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፤ ትከሻውን አልነካም።

ያቺ ድመት ኳሷን ተከትላ ከአጥሩ ስር ገብታ ኖሮ፣ ኳሷ ስትመለስ አብራ መጣች። አሸተተቻት። ሌላም ጊዜ አሸተተቻት። ከዚያ ጭራዋን አቁማ ሄደች።

ሜሮን ኳሷን ይዛ እየሮጠች መጣች። «በላይነህ ሱቅ ቅቤ አለ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለት ደቂቃ ነው። ወላሂ፣ ሁለት ደቂቃ።»

ሁለተኛው መቺ ዱላውን እያወዛወዘ ይጠብቃል። ዮሳቤጥ ከመሬት አቧራ ዘግና እጇን አሸችበትና ኳሷን ከሜሮን ተቀበለች። ለካስ ኳስ ላይ ስፌት አለ፤ እስከ ዛሬ ከጣቷ ስር ሲያሟልጭ ልብ ብላው አታውቅም። ኢሳ እንዳሳያት ሁለት ጣቶቿን ስፌቱ ላይ አኖረች። ትንሽ ይቆረቁራል።

«ሂጂ፣ ቦታሽን ያዢ» አለቻት ሜሮንን።